“ወገቤን ነው” ያልኩ ሰሞን

በሽታም እንደ ሰው ማዕረግ አለው። ልቡን የታመመ ሰው ሲያልፍ ሁሉም ድምፁን ዝቅ ያደርግለታል። ስኳር ያለበት ድግስ ላይ ሳይቀር ለብቻው ይታሰብለታል። ኩላሊቱን የታመመማ የወጣለትን ጠጠር በብልቃጥ ይዞ እየዞረ ያስጎበኛል። የእኔ በሽታ ግን ማዕረጉ ይቅርና በሰው ፊት የሚጠራበት ወግ እንኳ የለውም። ካልጠራሁት ደግሞ ጨዋታው አይሄድልኝምና ልጆች ካሉ ዘወር አድርጉልኝ፤ ኪንታሮት ነው። ያውም የመቀመጫ።

“እንዴት ያዘህ?” ለሚለኝ፣ ተቀምጬ ነው የያዘኝ። ካሊፎርኒያ፣ ሚልፒታስ ከተማ ውስጥ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ አለ። እዚያ ቀኑን ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ አፍጥጬ፣ ከጤፍ ያነሱ ነገሮች በደንብ መበየዳቸውን አረጋግጣለሁ። ሥራውን ያገኘልኝ ሰው “ምን አለበት፣ ተቀምጠህ ነው የምትሠራው” ብሎ ነበር ያጓጓኝ። እውነቱን ነው። ለዓመታት ተቀመጥኩ። በመጨረሻ እኔ ሥራውን ሳልለቅ መቀመጫዬ ለቀቀ። ሐኪሙ አየኝና “ይህ በቅባት የሚመለስበት ጊዜ አልፏል፤ በቀዶ ጥገና ነው የሚወጣው” አለኝ።

ከባለቤቴ ከሰናይት በቀር ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ግን ሰርጀሪ ገብተህ ሐበሻ በበዛበት ሳን ሆዜ ውስጥ መደበቅ አይቻልም። ወሬው ከአንተ ቀድሞ ከሆስፒታል ይወጣል።

“ምንህን ነው?”

“ወገቤን ነው።”

እንዲህ ብዬ ስመልስ ቅንጣት አልተሳቀቅሁም። ውሸት ከተባለ ይህን ያህል ለእውነት የቀረበ ውሸት ከየት ይመጣል? ልዩነቱ ከስንዝር አይበልጥም።

ቀዶ ጥገናው ራሱ ምንም አልነበረም፤ ተኝቼ ነው ያለፈኝ። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ሐኪሙ አስቀድሞ “ትንሽ ዲስኮምፈርት ይኖርሃል” ብሎኝ ነበር፤ አለመመቸት ማለቱ ነው። እኔ ይህን ቃል የማውቀው ጠባብ የአውሮፕላን ወንበር ላይ ነው። ማደንዘዣው ሲለቀኝ ግን ዲስኮምፈርት ማለት “የጋለ ምጣድ ላይ ተቀመጥ” ማለት መሆኑ ገባኝ። የሰጡኝ የሕመም ማስታገሻ ክኒን ሕመሙን ያስታግሳል፣ ሆድ ግን ያደርቃል። የተቆረጥኩበትን ቦታ እያሰባችሁ የሆድ ድርቀትን ጨምሩበትና ሒሳቡን እናንተው ሥሩ። ክኒኑን ስውጥ ሕመሙ ሄዶ ድርቀቱ ይመጣል። ክኒኑን ስተው ደግሞ ሕመሙ ይመለሳል፣ ድርቀቱም እንግዳ ተቀባይ ሆኖ ይጠብቀዋል። መጀመሪያ መጸዳጃ ቤት የገባሁ ዕለት እዚያ ውስጥ የሆነውን እኔና ፈጣሪ እናውቃለን። ሰናይት በሩ ላይ ቆማ “ሰው ልጥራ?” ስትለኝ “ቄስ ጥሪ” አልኳት።

ጠያቂው ደግሞ መጣ። ሕዝባችን እግዜር ይስጠው፣ በሽተኛ አይተውም። ግን ሁሉም የመጣው ወገብ ሊጠይቅ ነው። አንዱ ወገብ ስለሚያጠናክር ስፖርት መሬት ላይ ተኝቶ እያሳየ አስረዳኝ። ሌላዋ “ወገብህን ልሽህ” ብላ እጅጌዋን ሰበሰበች። ከሁሉ የባሱብኝ ግን ጋሽ ተስፋይ ናቸው።

ጋሽ ተስፋይ ኤርትራዊ ሽማግሌ ናቸው። ወጣትነታቸውን አዲስ አበባ ስላሳለፉ አማርኛቸው ከእኔ ይሻላል። ኦክላንድ ቴሌግራፍ አቬኑ ላይ ለረጅም ዘመን ምግብ ቤት ነበራቸው። አሁን ለልጃቸው አስረክበው ሥራቸው የታመመ መጠየቅ ሆኗል። እኔን “ወደይ” ነው የሚሉኝ፣ በትግርኛ ልጄ ማለታቸው ነው። እና እኒህ ደግ ሰው ከኦክላንድ ድረስ መኪናቸው ላይ ጭነው፣ ከምግብ ቤታቸው አንድ ወንበር ይዘውልኝ መጡ። ትራስ የለው፣ ስፖንጅ የለው፣ ደረቅ እንጨት!

“ወደይ፣ ለወገብ መድኃኒቱ ቀጥ ብሎ መቀመጥ ነው። ና፣ ተቀመጥ።”

“ይቆየኝ ጋሼ፣ ቆሜ ይሻለኛል።”

“ምን ቆሜ! እኔም ወገቤን ስንት ዘመን ያሰቃየኝ ሰው ነኝ። ተቀመጥ ስልህ!”

የአባት ያህል ሰው፣ ያን ሁሉ መንገድ ወንበር ተሸክሞ መጥቶ፣ እንዴት እንቢ ይባላል? ተቀመጥኩ። ዓይኔ ውስጥ የታየኝን ከዋክብት ሳይንቲስቶች እስካሁን ስም አላወጡላቸውም። ሰናይት ፊቴን አይታ ወደ ጓዳ ሮጠች፤ ልታለቅስ መስሎኝ ነበር፣ ለካ ልትስቅ ነው። ጋሽ ተስፋይ እምባዬ ሲወርድ አዩና “አዎ፣ መጀመሪያ ያማል፣ ሲስተካከል ነው” ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። እሳቸው ራሳቸው እንኳ ሳይቀመጡ ቆመው ተጨዋውተው ሄዱ።

በማግስቱ ሜይ ደወለችልኝ። ሜይ ፋብሪካ ውስጥ አጠገቤ የምትሠራ፣ ጡረታ ልትወጣ የተቃረበች ቻይናዊት ናት።

“ወገብህ እንዴት ሆነ?” አለችኝ።

“ደህና ነው።”

“ወገቡን የታመመ ሰው ምሳውን ቆሞ አይበላም” አለች። “አንተ ዓመት ሙሉ ቆመህ ነው ስትበላ የነበርከው። የእኔም ባል እንደዚያው ነበር። ስንት ሰዓት ልምጣልህ?”

እንዲህ ነው የተጋለጥኩት። ምስጢሬን የምትጠብቅ ሰናይትን የሚያህል ጠበቃ ይዤ፣ በምሳ ዕቃዬ ተፈረደብኝ። ሜይ እንዳለችው ባሏ ከዚሁ ቀዶ ጥገና በኋላ ሕመሙን ያስታገሰው ኦክላንድ ቻይናታውን ካለች አንዲት የባህል መድኃኒት ሱቅ በወሰደው ሥራሥር ነው። እኔ ደግሞ በዚያ ሰዓት እንኳን ኦክላንድ፣ ቤጂንግ ድረስ በእግሬ ሂድ ብትሉኝ እሄድ ነበር። ለነገሩ በእግር ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ሰው መኪና ውስጥ የሚሄደው ተቀምጦ መሆኑን የረሳሁት በሩ ሲከፈት ነው። ሜይ የኋላው ወንበር ላይ በጎኔ አጋድማ ያገኘችውን ቀበቶ ሁሉ አሰረችብኝ። ሀይዌዩ ላይ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ከላይ ሆኖ ቁልቁል አየኝ። ሰው ታግቶ የሚወሰድ ሳይመስለው አልቀረም። ፈገግ ብዬ እጄን አወዛወዝኩለት። ባሰበት መሰለኝ፣ ፍጥነቱን ቀነሰ።

ሱቋ ጠባብ ናት። ግድግዳዋ ከላይ እስከ ታች ትንንሽ መሳቢያ ነው፤ ጠረኗ ዝናብ የመታው ጫካና አሮጌ ሳጥን አንድ ላይ ሲሸቱ ነው። ባለመድኃኒቷ ነጭ ጋውን የለበሱ አሮጊት ናቸው። ወረፋ የያዙ ሰዎች ከኋላዬ ቆመዋል። ሴትዮዋ እጄን ይዘው የደም ሥሬን ትርታ ረጅም ጊዜ አዳመጡ። ምላስህን አውጣ አሉኝና አዩ። እኔ በሆዴ “እሰይ! በምላሴ በኩል ከጨረሱ ሳልዋረድ መውጣቴ ነው” አልኩ። ከዚያ በቻይንኛ አንድ ነገር ጠየቁ።

“ሕመሙ የት ነው ትላለች” አለች ሜይ።

ልማድ ክፉ ነው፤ “ወገቤን” ብዬ እርፍ!

ሜይ ምንም አልተረጎመችም። ወደ እኔ ዞራ እናቴ እንኳ አይታኝ የማታውቀውን አስተያየት አየችኝ። ከዚያ ለሴትዮዋ ብቻ ሳይሆን ለወረፋውም በሚዳረስ ድምፅ ረዘም ያለ ነገር ተናገረች። ወረፋው በሙሉ ዝቅ ብሎ ወደ መቀመጫዬ ተመለከተ። መሬት አልተከፈተችልኝም። ግን አንድ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ ከወረፋው ወጥተው ክንዴን ያዝ አደረጉና፣ በቻይንኛ አጽናንተውኝ፣ ወረፋቸውን ለቀቁልኝ። እዚያ ሱቅ ውስጥ የእኔ በሽታ እንደ ጉንፋን ነው። ሰው ያዝንልሃል እንጂ አይስቅብህም። ይህን ሳይ ደረቴን ነፋ አድርጌ ቆምኩ። መቆም እንደሆነ የሠለጠንኩበት ነው።

ባለመድኃኒቷ ከየመሳቢያው ቅርፊትና ሥራሥር እየመዘኑ፣ ነጭ ጨው የመሰለ ነገርም ጨምረው በወረቀት ጠቀለሉ። “ይፈላል፣ ይጠለላል፣ ለብ ሲል ሳፋ ውስጥ ተደርጎ ይቀመጡበታል። ውሃው ካልቆሸሸ አሙቆ አንዴ መድገም ይቻላል” አሉ በሜይ አፍ። እኔ ደግሞ ስግብግብ ነኝና “የሚጠጣስ?” አልኩ። ሴትዮዋ ጣታቸውን አወዛወዙብኝ፦ “የሆስፒታል ክኒን እየዋጥክ የሚጠጣ አልሰጥህም። ይህንንም ቢሆን ሐኪምህን ሳትጠይቅ እንዳትነካው።”

ደጅ ቆሜ ለሐኪሜ ነርስ ደወልኩ። ለብ ባለ ውሃ መዘፍዘፍማ ድሮም የነገርንህ ነው አለችኝ። ድሮ ስትነግረኝ እያቃሰትኩ ስለነበር አልሰማኋትም። ስለ ሥራሥሩ ሐኪሙን ጠይቃ፣ ቁስሉን የሚያቃጥለኝ ከሆነ ወይም ደም ካየሁ እንዳቆም፣ ምንም እንዳልጠጣ አስጠነቀቀችኝና ፈቀዱልኝ። ሆድ የሚያለሰልስ መድኃኒትም ጨመሩልኝ።

ያን ዕለት ሰናይት አፈላችልኝ። የቤቱን ሽታ አልነግራችሁም፤ የላይኛው ፎቅ ጎረቤታችን የጫማ ፋብሪካ ተቃጥሎ እንደሆነ ሊጠይቅ መጣ። ግን ሳፋው ላይ ቀስ ብዬ ስቀመጥ... አቤት! ሕመሙ እንደ ተበሳጨ ውሻ ትንሽ አጉረመረመ፣ ከዚያ ተኛ። እኔም ተከተልኩት፤ ሳፋው ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ። ቀን በቀን እየተሻለኝ ሄደ፣ ክኒኑንም እያሳነስኩ መጣሁ። ሥራሥሩ ነው? ለብ ያለው ውሃ ነው? ሆድ ማለስለሻው ነው? አላውቅም። ሐኪሙ ውሃው ነው ይላል፣ ሜይ ሥራሥሩ ነው ትላለች። እኔ የሁለቱም ደጋፊ ነኝ፤ የዳነ መቀመጫ ፍርድ ቤት አይሄድም።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ ሰናይት ሥራ ሄዳ ብቻዬን ነኝ። አረጋዊ መንከባከቢያ ውስጥ ነው የምትሠራው። እኔ መታጠቢያ ቤት ሳፋዬ ላይ ልክ ስደላደል በሩ ተንኳኳ። ፎጣ አገልድሜ ከፈትኩ። ጋሽ ተስፋይ ናቸው።

“ግቡ ጋሼ፣ አሁን መጣሁ፣ ውሃ ውስጥ ሆኜ ነው” ብዬ ተመለስኩ። ውሃው ይቀዘቅዝብኛላ! እሳቸው ወጥ ቤት ሆነው፣ እኔ ሳፋ ላይ ሆኜ በበሩ መሃል ጨዋታ ጀመርን።

“ይህ ድስት ውስጥ ያለው ምንድን ነው እንዲህ የሚሸት?”

“የቻይና መድኃኒት ነው ጋሼ።”

“ለወገብህ?”

“አዎ፣ ለወገቤ።”

“ይረዳል?”

“ኧረ ምን ይጠይቃሉ! እንደገና ነው የተወለድኩት!”

ከዚያ የቁም ሳጥን በር ሲከፈት ሰማሁ። የኩባያ ድምፅ። የመቅዳት ድምፅ። እኔ ሳፋ ላይ ያለሁ ሰው፣ ጆሮዬ ሰምቶ አእምሮዬ እስኪደርስበት ድረስ ጋሽ ተስፋይ “እህህ... ይመራል። የሚመር ነገር ነው መድኃኒቱ” ሲሉ ሰማሁ።

ከተቆረጥኩ ወዲህ እንደዚያ ዘልዬ አላውቅም። ወጥ ቤት ስደርስ ትልቁ ኩባያ ባዶ ሆኖ፣ ጋሽ ተስፋይ ከንፈራቸውን በመሐረብ እየጠረጉ ነው።

“ጋሼ! ጠጡት?”

“ምነው? ስስት ያዘህ እንዴ?”

ወዲያው አንድ የከፋ ሐሳብ መጣብኝ። ባለመድኃኒቷ አሙቆ መድገም ይቻላል ብለዋል። ድስቱ ውስጥ ያለው አዲስ የተፈላው ነው ወይስ...? ስልኬን አንሥቼ ወደ ማዕዘን ዞር ብዬ ለሰናይት ደወልኩ።

“ሰናይት፣ ድስቱ ላይ ያለው አዲሱ ነው ወይስ ትናንት የተቀመጥኩበት?”

“አዲሱ ነው፣ የትናንቱን ደፍቼዋለሁ። ምነው?”

“ተመስገን!” ብዬ ዘጋሁ። ጋሽ ተስፋይ አሁን ጠርጥረዋል።

“ምኑ ላይ ነው የተቀመጥከው?”

ቀልድ አልነበረም። ሰውየው ሽማግሌ ናቸው፣ የጠጡት ደግሞ ለመጠጥ አልተሠራም። ለሜይ ደወልኩላት፤ እሷም ባለመድኃኒቷን ጠይቃ የሥራሥሮቹን ስም በቴክስት ላከችልኝ። “ሴትዮዋ ቶሎ የመርዝ ባለሙያዎቹ ጋ ደውል ብላለች” አለችኝ። የማይጠጣ ነገር ለጠጣ ሰው ምክር የሚሰጥበት የመርዝ መረጃ ስልክ ላይ ደወልኩና ጋሽ ተስፋይም እንዲሰሙ ስፒከሩን ከፈትኩት። አንዲት ረጋ ያለች ሴት አነሳች። ዕድሜያቸውን ጠየቀች፣ የሚወስዱትን መድኃኒት ጠየቀች፣ የሥራሥሮቹን ስም አንድ በአንድ አስነበበችኝ።

“ውሃው የተዘጋጀው ለምን ነበር?” አለችኝ።

“ለውጭ ሰውነት ነበር።”

“ለየትኛው የሰውነት ክፍል?”

ጋሽ ተስፋይን አየሁ። ጋሽ ተስፋይ አዩኝ። “ለሄሞሮይድ” አልኩ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብዬ።

“ይቅርታ ጌታዬ፣ አልተሰማኝም። ጮክ ይበሉ።”

“ሄሞሮይድ!”

ጋሽ ተስፋይ ይህን ያህል ዘመን አሜሪካ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ቃሉ ኪንታሮት ማለት መሆኑን ያውቁታል። ፊታቸው ቀላ። አለቀልኝ አልኩ። ይሰድቡኛል፣ ቴሌግራፍ አቬኑ ድረስ ስሜ ይጠራል፣ ወንበራቸውን ይዘው ይሄዳሉ። እሳቸው ግን ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ የስልኳ ሴትዮ እንዳትሰማ ይመስል፣ በሹክሹክታ፣

“አንተም?” አሉኝ።

አንዲት ቃል። ያን ጊዜ ነው እቤቴ መጥተው አንድም ቀን ተቀምጠው እንደማያውቁ ልብ ያልኩት።

የስልኳ ሴትዮ አንድ ኩባያ ብዙ እንደማያሰጋ፣ ግን ውስጡ ያለው ጨው ሆድ እንደሚያላላ፣ ውሃ በብዛት እንዲጠጡ፣ ካዞራቸው ወይም ካስመለሳቸው አምቡላንስ እንድጠራ ነግራን፣ መልሳ እንደምትደውል ቃል ገባች። ገና ስልኩን ሳልዘጋ ጋሽ ተስፋይ ሆዳቸውን ያዙ። መታጠቢያ ቤቱን አሳየኋቸው። ሳፋዬን ይዤ ወጣሁላቸው።

ከሰዓት በኋላውን እሳቸው ውስጥ፣ እኔ በሩ ላይ ውሃ እያቀበልኩ አሳለፍነው። ፈርቼ በየጊዜው “ጋሼ፣ አሉ?” እላለሁ። አንዴ ከውስጥ የሳቅ ድምፅ ሰማሁ።

“ምነው ጋሼ?”

“ወደይ፣ ስንት ትራስ፣ ስንት ወንበር ያላስቀመጠኝን ሰው፣ የቻይናዋ ይኸው አስቀመጠችኝ!”

እዚያው በሩን ተደግፈን ሳቅን። ከዚያ ሳቁ ሲበርድ፣ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ይህን ነገር ለማንም ተናግረው እንደማያውቁ ነገሩኝ። ለልጃቸው ለመናገር አፍረው፣ ደም ሲያዩም ዝም ብለው ነበር። ደም ሲሉ ሳቄ ጠፋ።

“ጋሼ፣ ሰኞ ሐኪም ዘንድ አብረን እንሄዳለን።”

“ደግሞ ምን ልላቸው?”

“እኔ እላለሁ። ጮክ ብሎ መናገር ዛሬ ተምሬያለሁ።”

የስልኳ ሴትዮም ቃሏን አክብራ ደወለች። ደህና መሆናቸውን ስትሰማ ከእኛ በላይ ደስ አላት።

ሰኞ ሄድን። ደሙ ከከፋ ነገር እንዳይሆን ሁሉ ነገር ተመረመረ። በሽታው የፈራነው ሳይሆን ያው የእኔው ዓይነት ሆነ፣ ቢሆንም በጣም ቆይቷል ተባለና እሳቸውም ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው። እኔ ደግሞ የሐኪማቸውን ፈቃድ አግኝቼ፣ ከሜይ ጋር ሄጄ ጥቅሉን አመጣሁላቸው። በትልቅ ፊደል “አይጠጣም” ብዬ በአማርኛም በትግርኛም ጻፍኩበት።

ጠያቂ ኦክላንድ ቤታቸውን ሞላው። ነጠላ የለበሱ እናቶች፣ ከመስጊድ በቀጥታ የመጡ የቀድሞ ደንበኞቻቸው፣ ሁሉም አለ። አንዱ “ጋሽ ተስፋይ፣ ምንዎን ነው?” አላቸው። እኔ ከወጥ ቤት ብቅ ብዬ በዓይኔ “እንደፈለጉ ጋሼ” አልኳቸው። እሳቸው ትራሳቸውን አስተካክለው፣ ምግብ ቤት ውስጥ ትእዛዝ ወደ ጓዳ በሚያስተላልፉበት ድምፅ፣

“ኪንታሮት!” አሉ። “የመቀመጫ ኪንታሮት። አሁን ግን ይህ ልጅ ባመጣልኝ የቻይና መድኃኒት በጣም ተሽሎኛል።”

አንድም ሰው አልሳቀም። አንድም ሰው አልጠየቀም። ሁሉም ሻዩን እያየ “እግዚአብሔር ይማርዎት” አለና ስለ ቤት ኪራይ መወራት ተጀመረ።

ስልኬ መጮህ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ከሬድውድ ሲቲ፣ ከሳን ሆዜ፣ ከኦክላንድ፣ የማውቀውም የማላውቀውም ይደውላል። የሚገርመው አንድም የታመመ የለም፤ ሁሉም ለጓደኛው ነው የሚጠይቀው። ትናንት የደወለው፣ ድምፁ ጎርነን ያለ ትልቅ ሰው ነው።

“ይቅርታ ወንድሜ፣ አንድ ጓደኛ አለኝ፤ ስለዚያ ስለ ቻይናው መድኃኒት ሰምቶ፣ አድራሻውን ጠይቅልኝ ብሎኝ ነው።”

“ምንም ችግር የለም። ግን ጓደኛዎን መጀመሪያ ሐኪም ይየው። ለመሆኑ ሕመሙ እንዴት ነው?”

በረጅሙ ተነፈሰና፣

“ኧረ ተወኝ ወንድሜ” አለኝ፤ “መቀመጥ አልቻልኩም!”